እርጥብ ሳር ለቀዛፊዋ

ሴቻ ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው ጀርመናዊት የጀልባ ቀዘፋ የዓለም ሻምፒዮን እንደነበረች ያወቅሁት ከገባች ከወራት በኋላ ነው። በረንዳዋ ላይ ተንሸራታች ወንበር ያለው ብረት ዘርግታ ጠዋት ጠዋት ገመድ ስትስብ እያየሁ፣ «ይቺ ሴትዮ ከማን ጋር ነው የምትጓተተው?» እል ነበር። በራችን ያስጎነብሳታል፤ እጇ የአናጢ እጅ ነው። የመጣችው የውሃ ምህንድስና ልታስተምር ነው። የጫሞን ሐይቅ ከግቢያችን ቁልቁል ስታይ ትውላለች እንጂ አንድ ቀን እንኳ ጀልባ ላይ አልወጣችም። አዞውንና ጉማሬውን ፈርታ መስሎኝ ነበር።

አልነበረም። አንድ እሁድ ማንጎው ሥር ተቀምጠን፣ በእንግሊዝኛና ከገበያ በለቀመችው አማርኛ ነገረችኝ። በልጅነቷ ረጅምና እግሯ የሚጠላለፍ ስለነበረች እናቷ የምታደርጋት ብታጣ ቀዘፋ ክለብ አስገባቻት። እዚያ ከአንዲት እኩያዋ ጋር አጣመሯት፤ ሁለቱ በአንድ ጀልባ አደጉ። በረዶ እየወረደባቸው ቀዝፈዋል፤ መዳፋቸው ተልጦ በጨርቅ ጠቅልለው ቀዝፈዋል። መጀመሪያ የአገራቸውን፣ ቀጥሎ የዓለምን ሻምፒዮና አሸነፉ። ከዚያ ጓደኛዋ ሳትነግራት አሰልጣኙ ዘንድ ሄዳ፣ «የእሷ ወገብ አልቆለታል፣ ሌላ ስጡኝ» አለች። ሰጧት። ከአዲሷም ጋር አሸነፈች። የእኛዋ ውድድሩን ቤቷ ሆና በቴሌቪዥን አየች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጀልባ ላይ አልወጣችም፤ ጓደኛዋንም አላናገረችም።

«አሁን በጣም ታማለች» አለችኝ። «ልጇ ትደውላለች። እናቴ ድምፅሽን ሳትሰማ እንዳትሞት ትለኛለች። አላነሳም።»

«ኧረ በፈጠረሽ፣ አንሺላት!» አልኳት። ምላሴ መቼ ያርፍልኛል። ብድግ ብላ ቤቷ ገባች፤ ሳምንት ሙሉ ሰላምታዋ ቀዘቀዘብኝ።

በሳምንቱ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ አፕልና ቆጮ አስጭነው ከጨንቻ ወረዱ። ኩርፊያው እንዲበርድ ብዬ እሷንም ምሳ ጠራኋት። ገና ቆጮውን በሚያቃጥለው ዳጣ ቀመስ እንዳደረግን ስልኳ ጠረጴዛው ላይ መጮኽ ጀመረ። አየችውና ደፋችው። ደግሞ ጮኸ።

«ይሄ ስልክ ለምን አይነሳም?» አሉ አማቴ።

ጠጋ ብዬ ነገሩን ነገርኳቸው። ቤተሰቦቼ ከጎንደር የመጡ ቢሆኑም እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ነው ያደግሁት፤ የጋሞ ሽማግሌ ጠብ ሰምቶ ምሳውን እንደማይቀጥል ማወቅ ነበረብኝ። ተነሱ። ቧንቧው አጠገብ ከበቀለው እርጥብ ሳር ነጨት አደረጉ፣ በሁለት እጃቸው ያዙና መጥተው እግሯ ሥር ተንበረከኩ።

እሷ ደግሞ የወደቁ መሰላት! በብብታቸው ገብታ እንደ ሕፃን አነሳቻቸውና ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አማቴ ግን ወረዱና እንደገና ተንበረከኩ።

«ልጄ፣ ማራት» አሉ። አማርኛቸው ሴቱንም በወንድ ይጠራል። «በቃ፣ ማራት።»

«እሺ እስክትዪ አይነሱም» አልኳት። «እዚህ አገር ሳር ይዞ የለመነ ሽማግሌ እምቢ አይባልም።»

ፊቷ ቀላ። «እሳቸው ምን አደረጉኝ? የበደለችኝ እሷ ናት!»

ተረጎምኩላቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «እሷ ሩቅ ናት፣ ታማለችም። መንበርከክ አትችልም። እኔ እችላለሁ።»

ይህንንም ተረጎምኩላት። እኔ የአማቴን ጉልበት እያየሁ እጨነቃለሁ፤ በቅዝቃዜ የሚያማቸው ጉልበት ነው፣ ሲሚንቶው ደግሞ ባዶ ነው። ብትቆጣስ? ጥላን ብትወጣስ? እሷ ግን ከወንበሯ ወረደችና ያን ረጅም ቁመቷን አጥፋ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች። «እሺ» አለች በአማርኛ። «እሺ፣ አባባ።»

ስልኩን እዚያው ደወለች። በጀርመንኛ ትንሽ ተናገረች፣ ቆየችና ትንሽ ደገመች፤ ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ዓይኗን ጨፍና ማዳመጥ ጀመረች። ምሳው ቀዘቀዘ፤ ማናችንም እጃችንን አልሰደድንም። እንባዋ በአገጯ ወርዶ ቀሚሷ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ።

ስልኩን ስታስቀምጥ አማቴ አላስቻላቸውም። «ምን አለችህ?»

«ምንም» አለች። «መናገር አትችልም። ልጇ ነገረችኝ፤ ድምፅዋ ሄዷል።»

ያ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ ሽማግሌ ተንበርክኮ፣ በመጨረሻ አንድ ቃል ሳይገኝ ቀረ ብዬ ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ።

እሷ ግን ፊቷን በመዳፏ ጠራረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«ጀልባው ላይ ከጀርባዬ ተቀምጣ እኔን እየተከተለች ነበር የምትቀዝፈው» አለችኝ። «ስንቀዝፍ ፊቷን አይቼ አላውቅም፤ የምሰማው ትንፋሿን ብቻ ነበር። ዛሬም ሰማሁት። አሁንም እኔ እስክተነፍስ ጠብቃ ነው የምትተነፍሰው።»