ነፋስ የሚያስገባው ጎጆ

ሰፈሩ «ሚሊ» ይለዋል፤ ሚሊሜትር ሲቆላመጥ መሆኑ ነው። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። በተጋቡ ሰሞን ያልጋቸውን እግር ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስተካክል አይታ፣ «እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ሚሊሜትር?» አለች፤ ጎረቤት ሰማ፤ አለቀ።

አናጢ ነው። እሱ የሠራው መሳቢያ ሲገፉት እፍ ብሎ ይገባል። የጠረጴዛው መጋጠሚያ ወረቀት አያሾልክም። በሩ ሲዘጋ እንደተኛ ሕፃን ከንፈር ግጥም ብሎ ዝም ነው። የሚኖርበት ቦታ ግን ዝም ማለት አያውቅም። ወርክሾፑ ፊት ለፊት የአውቶቡስ ፌርማታ አለ፤ በስተቀኝ ጋራዥ፤ ከላይ እሱና አስተማሪዋ ሚስቱ የሚኖሩባቸው ሁለት ክፍሎች። አውቶቡሱ ሲያጓራ፣ መካኒኩ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣ ሚሊ መላጊያውን እየገፋ ያፏጫል።

እናቱ ግን አልቻለችም። ጉልበቷ ከድቷት፣ ከምንጩ ውሃ መቅዳት ሲያቅታት ነው ከገጠር ወደ ልጇ የመጣችው። መጣች እንጂ አልገባችም፤ ጓዟን በነጠላዋ እንደቋጠረች በሩ ሥር አስቀምጣ፣ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ሌሊት ዓይኗ አይከደንም፤ ቀን ደግሞ ጥሩምባ በጮኸ ቁጥር ደረቷን ትይዛለች።

አንድ ማለዳ «ልጄ፣ የእሑዱን አውቶቡስ ልያዝ» አለችው።

«እዚያ ማን አለሽና እማዬ? ማን ውሃ ሊቀዳልሽ?»

«ነፋሱ አለኛ።»

«ነፋስ ውሃ አይቀዳም።»

«ያንተስ አውቶቡስ ይቀዳል?»

ሚሊ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ከሄደች አንድ ቀን ምንጩ ዳር ወድቃ እንደሚያገኟት ያውቃል። «እስከ እሑድ ታገሺኝ» አላት። «ጸጥታ እሠራልሻለሁ።»

ሚስቱ ከኋላ ሆና፣ «ጸጥታ ደግሞ ስንት በስንት ነው?» አለች።

«ሁለት ሜትር በሁለት ተኩል» አለ፤ አልሳቀም።

ከወርክሾፑ ጀርባ አንድ ያረጀ ሾላ ያለበት ጠባብ ጓሮ አለ። እዚያች ላይ ጎጆውን ተከለ። ግድግዳው ሁለት ድርብ ጣውላ፣ መሀሉ በሰጋቱራ የተጠቀጠቀ። ከዛፉ አንድ ክንድ አራቀው፤ ዛፍ ይወዛወዛል፣ መጋጠሚያ ያናጋል። ለበሩ ዙሪያ መካኒኩ አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ሰጠው። ሚስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጣውላውን ሌላ ጫፍ እየያዘች፣ «ጉንዳን እንኳ እዚህ ለመግባት ፈቃድ ሳያስፈልጋት አይቀርም» ትለዋለች።

ሐሙስ ከሰዓት እናቱን በክብር አስገብቶ በሩን ዘጋላት። ሥራው ያማረለት ሰው እንደሚቆመው፣ እጁን አጣምሮ ውጭ ቆመ። መካኒኩ የመኪና በር እየቀጠቀጠ ነው፤ ሚሊ ፈገግ አለ። ምን አለ በሉኝ፣ ውስጥ ኮሽታ የለም።

ሚስቱ ናት በትንሿ የመስኮት መስታወት ያየችው። «አንተዬ፣ እናትህ በሩን እየደበደቡ ነው እኮ!»

ጎጆው ከመግጠሙ የተነሳ ድብደባው ጨርሶ ወደ ውጭ አላመለጠም። ሲከፍቱላት እናቱ ላብ በላብ ሆና ወጣች። ልጇን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«የኔ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ቤት ለሰው የሚሠራለት አንድ ጊዜ ነው። እኔ ደግሞ ገና አልሞትኩም።»

ሚስቱ ሳቋን ልትውጥ ብላ አነቃት። እናትየው ግን ደረጃውን ወጥታ ከጓዟ አጠገብ ተቀመጠች፤ የነጠላውንም ቋጠሮ አጠበቀች።

ሚሊ ብቻውን ጎጆው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ምራቁን ሲውጥ ይሰማዋል። ልቡ እንደ ሰው እርምጃ ይሰማዋል። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቶ አያውቅም፤ ደግሞም አልወደደውም። ያን ጊዜ ነው የልጅነት ቤቱ ትዝ ያለው። አባቱ በመጥረቢያ ብቻ የጠረበው ቤት ነበር፤ ጣውላና ጣውላው እንደተኳረፈ ዘመድ ተራርቆ የቆመ። ሌሊት ነፋስ ሲገባ ያፏጫል። እሱ ፉጨቱን ይጠላ ነበር፤ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ይወትፋል። አናጢ ሲሆን ወረቀት የማያሾልክ መጋጠሚያ የወደደውም ከዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ጨርቁ ተነቅሎ ያገኘዋል። የምትነቅለው እናቱ ነበረች። «ቤቱን አታፍነው» ትለው ነበር፤ «ዝናብ መምጣቱን በምን ልወቅ?»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

«እማዬ፣ የዚያ ቤት ክፍተት ስንት ስንት ነበር?»

እናቱ ጣቶቿን አየት አደረገች። «አንዱ ጣት ያስገባል፤ አንዱ ሁለት ጣት። በምሥራቅ በኩል ያለው የድመት እግር ያህላል።»

ሚስቱ ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ «የድመት እግር በሚሊሜትር ስንት ነው?» አለችው።

በማግስቱ ጎጆውን አፈረሰው። እናቱ ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠችና በከዘራዋ ታዝዝ ጀመር። «ያቺን ራቅ። አሁን በዛ። አሁን ደግ።» ሚሊ ቀጭን ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው እየተጠበበ፣ ጣውላዎቹን እኩል ሳያደርግ መታቸው። ዳርና ዳራቸውን በመሮ አለሰለሰ። አንዱን የሾላ ቅርንጫፍ ሳይቆርጥ፣ ግድግዳውን ከፍቶ፣ ከነቅጠሉ ወደ ውስጥ አሳለፈው። የተረፈውን ሰጋቱራ እናቱ ከደጁ እስከ ዛፉ በተነችው፤ እግር ሲረግጠው እንደ ጫካ መሬት ረጠብ፣ ለስለስ ይላል።

እሑድ ደረሰ። ነፋስ የለም።

ሦስቱም ጎጆው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጓዟ እናትየው ጭን ላይ ነው። ቅጠል አይንቀሳቀስም። በክፍተቱ የሚገባው የፌርማታው ሁካታ ብቻ ነው። ሚሊ ክፍተቶቹን አንድ በአንድ እያየ ላብ ያጠምቀዋል፤ በሕይወቱ ነፋስ የለመነበት ቀን ይህ ብቻ ነው።

እናቱ ከዘራዋን አነሳች። «እንግዲህ ልጆቼ...»

ቅጠሉ መጀመሪያ ተንቀሳቀሰ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ቅጠል። ከዚያ የጣሪያው ጣውላ ላይ ቅርንጫፍ ተሻሸ። ጣት የሚያስገባው ክፍተት በቀጭኑ አፏጨ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባው ተቀበለው፤ የድመት እግሩ ከሁሉም ዘግይቶ፣ በወፍራሙ እምም አለ። የሾላው ጥላ በእናቱ ፊት ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከውጭ የአውቶቡሱ ጥሩምባ መጣ፤ ግን በቅጠሉና በፉጨቱ ተወንፍቶ፣ ከሩቅ ኮረብታ የመጣ መሰለ።

እናቱ ጆሮዋን ዘንበል አደረገች። «ያ በሬ የማን ነው?»

«የአሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ነው እማዬ።»

«ደክሞታል መሰለኝ።» መካኒኩም መዶሻውን ጀመረ፤ ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ። «ይኼኛውስ ግንደ ቆርቁር እሑድም አያርፍ?»

«እሱ እንኳ ሚስቱን ሲሸሽ ነው» አለች አስተማሪዋ።

እናትየው ሳቀች፤ ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሌላ በሬ ደግሞ አጓራ፤ ወደ ገጠር የሚሄደው አውቶቡስ ነበር፤ ማንም አልተነሳለትም። እናትየው ቋጠሮውን በጥርሷ ይዛ ፈታችው፤ ነጠላዋን አራገፈችና፣ «ለዚች ማንጠልጠያ ምስማር ምታልኝ» አለች።

የሚሊ እጅ በልማድ ወደ ሜትሩ ሄደ።

«እዚህ» አለች፤ በአውራ ጣቷ ጣውላውን ተጫነች።

ሳይለካ መታው።

ሚስቱ አንገቷን አዘንብላ አየችው። «ጠማማ ነው።»

«ጠማማ ነው» አለ ሚሊ፤ ነጠላውን እየሰቀለ።