ለባዶ ካሜራ የሳቀ

በነገሩ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ጋሽ ሞገስ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ ሥራውን ያስተማሩኝ። አለምነህ፣ ከቁንዝላ በታንኳ እንጨት እያመጣ የሚሸጥ እኩያዬ። እማማ እናኑ፣ የአለምነህ እናት፣ ከእሱ ሌላ ልጅ ያልነበራቸው። አራተኛው እኔ ንጉሤ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ከአራታችን ዛሬ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ግን ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤዛ ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ከፈተችና ሄድሁ። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀስ እያለ ይራመዳል። ብዙዎቹ የቆሙት አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ውኃውን ስትመለከት ከሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ፊት ነበር። አንዱ ወጣት ጓደኛውን፣ «ፊቷ አለመታየቱ ነው እኮ ያሳመረው!» አለው። እውነቱን ነው፤ ያምራል። እኔ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ፊልም ማጠብን ከጋሽ ሞገስ፣ የቀረውን አንድ ቱሪስት ጥሎት ከሄደ መጽሔት ተማርሁ። ቋንቋውን አላነብም፤ ሥዕሎቹን ግን እንደ ዳዊት ደገምኋቸው። በዚያ መጽሔት ውስጥ ማንም ካሜራውን ቀጥ ብሎ አያይም። እኛ ዘንድ ደግሞ ፎቶ ማለት ጉርድ ነው፤ አንገት ቀጥ ይላል፣ ሁለቱም ጆሮዎች ይታያሉ። ደንበኞቻችንን በልቤ መናቅ ጀመርሁ። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ ያገኛትን ትንሽ ዕውቀት ሌላው ስለሌለው ብቻ ይኮራባታል። እኔም ኮራሁ።

የከተማችን ጋለሪ የፎቶ ቤታችን የመስታወት ሳጥን ነበር። ከገበያ የሚመለስ ሰው ዘንቢሉን አስቀምጦ የሙሽሮችንና የተመራቂዎችን ፎቶ ቆሞ ያያል። እዚያ ውስጥ እንደ መጽሔቱ ያለ አንድ የእኔ ሥራ እንዲገባ ሌት ተቀን እመኝ ነበር።

በግንቦት አንድ ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ አለምነህን ሐይቁ ዳር አገኘሁት። እንጨቱን አራግፎ ጥብስ ዓሣ እየበላ ነበር፤ ከፊቱ አካፈለኝ። የዘንባባው ጥላ ረዝሟል፣ ውኃው የመዳብ ቀለም ይዟል።

«ንጉሤ፣ ዛሬስ ጉርድ አንሣኝ። እናቴ ግድግዳ ላይ ልስቀልህ እያለች ነዘነዘችኝ።»

«ይህን ፊት ሰቅላ አይጥ ልታባርርበት ነው?»

«ይልቅ ካሜራህ እንዳይሰነጠቅ ያዘው!» ብሎ ሳቀ።

በካሜራው ውስጥ የቀረችው አንዲት ፎቶ ብቻ ነበረች። ጠዋት «አንዷን ለአንተ አስቀርልሃለሁ» ብዬው ነበር። ነገር ግን ብርሃኑን አየሁ።

«መጀመሪያ ታንኳው ላይ ቁም፤ ፊትህን ወደ ሐይቁ አዙር።»

«ጀርባዬን? እናቴ ጀርባዬን ምን ታደርገዋለች?»

«ቁም አልሁህ! ቀጥሎ ፊትህን።»

ቆመ። መቅዘፊያውን እንደ ዘንግ ይዞ ፀሐይዋን ተመለከተ። አነሣሁት። እንደዚያ ያለ ፎቶ ከዚያ በፊትም በኋላም አንሥቼ አላውቅም።

ከዚያ ወርዶ ፊቱን ሊታጠብ ሄደ። እሱ ጎንበስ ባለበት እኔ ያለቀውን ፊልም ወደ ቆርቆሮ መያዣው መልሼ ጠቀለልሁት። «አለቀ» ማለት አፈርሁ። ጸጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ መጥቶ ቆመና ሳቀ። ባዶውን ካሜራ ቀጭ አደረግሁለት።

«ተነሣሁ?»

«ተነሥተሃል።»

ጀርባው የመስታወቱ ሳጥን ውስጥ ገባ። ሰው ተሰበሰበ፤ አንድ አስተማሪ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አየው። አለምነህም ከቁንዝላ በተመለሰ ቁጥር ብቅ ይላል። «ጀርባዬማ ዝነኛ ሆነ! ፊቴስ የት ደረሰ?» ይለኛል። «ገና አልታጠበም» እለዋለሁ። እንደገና ማንሣት ስንት ደቂቃ ይወስድ ነበር? ግን እንደገና ላንሣህ ካልሁ የመጀመሪያውን ውሸት መናዘዝ ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ወሩን ሙሉ «በሚቀጥለው» አልሁት።

በሰኔ የመጀመሪያው ማዕበል ታንኳውን ገለበጠው። አስከሬኑ አልተገኘም።

አጎቱ አያ ደሴ በጀልባ መጥተው ጠዋት ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። «ነገ ሣልስቱ ነው። አስከሬን የለን፣ መቃብር የለን። ሰው ምን ይዞ ያልቅስ? ፎቶ ተነሥቻለሁ ብሎን ነበር» አሉ። ጀልባው ስድስት ሰዓት ላይ ይመለሳል። ጋሽ ሞገስ ወደ እኔ ዞረው፣ «ፈጠን በል፣ ጉርዱን አሳድገህ አትመው» አሉኝ።

ጨለማ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በቀዩ አምፖል ሥር የሌለ ፊልም ፈለግሁ። ደጋግሜ ፈለግሁ፤ ሰው ሲጨንቀው የራሱን ውሸት ያምናል። ጋሽ ሞገስ በሩን ሦስተኛ ጊዜ ሲያንኳኩ ወጥቼ እውነቱን ነገርኋቸው። አልመቱኝም። ከመስታወቱ ሳጥን የጀርባውን ፎቶ ከነፍሬሙ አውጥተው በነጠላ ጠቀለሉና እጄ ላይ አኖሩት። «አንተው ውሰድላቸው» ብቻ አሉኝ።

በዚያው ጀልባ ሄጄ ቁንዝላ አደርሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ለቅሶው ተሰብስቦ ደረስሁ። ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀልኝ። እማማ እናኑ ነጠላውን ፈቱት። ፎቶውን አዩት። ከዚያ ገልብጠው ከኋላው ፈለጉት። ከኋላው ካርቶን ነበር።

«ፊቱስ?»

«እማማ፣ አላነሣሁትም። አንሥቼሃለሁ ብዬ ዋሸሁት። ለባዶ ካሜራ ነው የሳቀው።»

ከወንዶቹ መካከል አንዱ ዱላውን ይዞ ተነሣ። እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር።

«ተወው!» አሉ እማማ እናኑ። «አንተ፣ ሳቀ ነው ያልኸው?»

«አዎ፣ ሳቀ።»

«እንዴት አድርጎ?»

ነገርኋቸው። ጸጉሩን በውኃ ማስተኛቱን፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ መቆለፉን፣ ከላይ ጥርሶቹ አንዷ በሌላዋ ላይ ደረብ ማለቷን፣ ሲስቅ የግራ ዐይኑ ቀድሞ ጠበብ ማለቱን።

«እንደገና ንገረኝ» አሉ።

በሕዝብ ፊት ሦስት ጊዜ አስነገሩኝ፤ ለቅሶውም በፎቶ ፈንታ በዚያ ቃል ላይ ተለቀሰ። ስሄድ እጄን ይዘው፣ «በየዓመቱ መጥተህ ትነግረኛለህ» አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ በየሰኔው ሄድሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የምነግራቸው ሳቅ የአለምነህ ይሁን እኔ የፈጠርሁት አላውቅም ነበር። እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ዕለት እንግዳው ሲቀንስ ቤዛን ጠራኋት።

«የሴትዮዋን ፊት አንሥተሻል?»

«አይ አባዬ፣ ሥራው እኮ ጀርባዋ ነው።»

«እሷስ ምን አለችሽ?»

ወደ ፎቶው ዞረች። «ፊቴንም አንሺኝ ብላኝ ነበር። እመለሳለሁ አልኳት።»

ይህን ታሪክ ለመንገር ከዐውደ ርእዩ ብዙ ዓመት ቀድሜ ልጠራት ይገባኝ ነበር። ካሜራ መያዝ ሳስተምራት ጉርድ ብቻ የማነሣው ለምን እንደሆነ ደጋግማ ጠይቃኛለች፤ ተቆጥቼ አልፌያታለሁ። እዚያው ወንበር ላይ ሁሉንም ነገርኋት። ሴትዮዋ መራዊ ገበያ የምትሸጥ ናት። ቤዛ ሰኞ ማለዳ ካሜራዋን ይዛ በአውቶቡስ ሄዳለች፤ ይህን የምጽፈው እየጠበቅኋት ነው።

ጋሽ ሞገስ ያን የመስታወት ሳጥን ፎቶ ቤቱን እስኪዘጉ ድረስ ባዶውን ተዉት። እኔ ብርሃን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞርሁ። እማማ እናኑ ጀርባውን ሳይሰቅሉ፣ ግድግዳቸው ላይ አንድ ባዶ ምስማር ይዘው አረጁ። ያች አንዲት ያማረች ፎቶ ሁላችንን ያስከፈለችን ሲደመር ይህ ነው፦ የአለምነህ ፊት።