የአዳዳ ጫልቱ ግራጫ ጨሌ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከገበያ ያመጣችውን ግራጫ ዶቃ ከፌስታል ወደ ብረት ሳህን ገለበጠችው። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ የሚጀምር ዝናብ ይመስል ነበር። እኔ ደንግጬ መጀመሪያ ያየሁት ዶቃውን ሳይሆን ታናሽ ወንድሟን ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። እሱን አዝዬ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ካወጣሁ በኋላ ነው አንዷን ፍሬ በጣቴ ያሻሸኋት። ብረት ትመስላለች፣ ትቀዘቅዛለች፣ ብረት ግን አይደለችም። «ሻጩ ሰው ሠራሽ ነው ብሎኛል» አለች ልጄ። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ በተከራየናት ክፍል የአንገትና የእጅ ጌጥ እየሠራን ነው የምንኖረው። ያ ግራጫ ዶቃ ግን ወዳደግሁባት ኪራሙ፣ አዳዳ ጫልቱ ደጃፍ ወሰደኝ።

እናትና አባቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። የአባቴ እህቶች እዚያው ቀርተዋል፤ አክስት የሚባል ሰው በዓይኔ አላየሁም ነበር። ጎረቤታችን ጫልቱ የአገሩ ተወላጅ ኦሮሞ ናት። ገና ትንሽ ሳለሁ «አዳዳ በይኝ» አለችኝ። በእነሱ ቋንቋ የአባት እህት ማለት ነው። እኔም የምሯን መስሎኝ ያዝኩት።

አዳዳ ረጅም ነበረች፤ ስትስቅ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ይታያል፤ ቀሚሷ የማር ሰም ይሸታል። ዶቃ የምትሰካው የበግ አጎዛ ዘርግታ ነው፤ ፍሬው ከእጇ ቢያመልጥ ጠጉሩ ይይዘዋል። ክሯን ከማዳበሪያ ጆንያ ትመዛለች። ጫፉን በሰም አሽታ ታደርቀዋለች፤ ከዚያ መርፌም አያስፈልጋትም። ከእያንዳንዱ ፍሬ በኋላ ቋጠሮ ታስራለች። «ክር መበጠሱ አይቀርም» ትላለች፤ «ሲበጠስ አንዷ ብቻ ትውደቅ።» ሥራዋ ቀርፋፋ ነው። እኔም ዛሬ እንደ እሷ እየቋጠርኩ ነው የምሠራው፤ ልጄ «አዘገየሽን» እያለች ትነጫነጫለች።

አንድ ቀን ግራጫ ፍሬዎች ሰክታ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ቤቴ እየሮጥኩ ገባሁ።

«እማዬ፣ አዳዳ ጨሌ ሰጠችኝ!»

እናቴ የያዘችውን ወንፊት ጣለችው። በኦሮምኛ ጨሌ ማንኛውም ዶቃ ነው፤ እኔም የሰማሁትን ነው የተናገርኩት። በእናቴ አገር ግን ጨሌ የዛር ነው፤ ሰው የማይነካው። እናቴ ደግሞ ከእኔ በፊት የወለደቻቸውን ቀብራለች። የአንገቴን ጌጥ በምላጭ ቆረጠችው። ክሩ ተበጥሶ ፍሬዎቹ ሳይበተኑ ሲቀሩ ይባስ ደነገጠች። በባዶ እጇ ላለመንካት በኮባ ቅጠል ጠቀለለችውና እኔን እየጎተተች ወጣች።

«ሁለተኛ የዚችን ሴት ደጅ አትረግጪም!» አለችኝ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። የነበረችኝ አክስት እሷ ብቻ ናት።

አዳዳ በሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ጎረቤቴ?»

እናቴ ቅጠሉን አጎዛው ላይ ወረወረችው። «ይሄ ጨሌ አይደለም?»

«ኤዬ፣ ጨሌ ነው! ታዲያ ምን ሊሆን ነው?»

«ይኸው በአፏ አመነች! ዛርሽን በልጄ አንገት ልታስቀምጪ!»

አዳዳ ጴንጤ ነበረች። የገዛ እናቷ የአምልኮ ጨሌ በምእመናን ፊት ሲቃጠል ቆማ አይታለች። ያ የእናቴ ቃል ጸሎት ቤት ቢደርስ ምን ሊያስከትልባት እንደሚችል የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ አንዷን ፍሬ አንስታ በጥርሷ ፋቀቻት። ግራጫው ቀለም ተላጠ፤ ከሥሩ ነጭ ላስቲክ ወጣ።

«እስኪ እይው» አለቻት ለእናቴ። «የወሎ ዛር ላስቲክ ይበላል እንዴ? የእኛዎቹ እንኳ እንዲህ አልተቸገሩም!»

እናቴ ፍሬዋን አገላብጣ አየቻት። ሳቋን በነጠላዋ ልትሸፍን ብትሞክር አመለጣት። ያም ሆኖ ፍርሃቷ አልለቀቃትም። «ቢሆንም» አለች፣ «ቢሆንም ስሙን ቀይሪልኝ። በልጄ ፊት ጨሌ አትበይው። ዶቃ በይው።»

«ዶቃ» አለች አዳዳ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው። «ዶቃ፣ ዶቃ። ይሁን። ኮቱ፣ ነይ ልጄ፣ የተበጠሰውን እንቀጥለው።»

ከዚያ ወዲያ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ቋንቋዋ መሀል ዶቃ ስትል ኖረች። ዘመዶቿ መጥተው ጨሌ ሲሉ «ዶቃ በሉ፣ ሴትዮዋ ትፈራለች» ብላ ታርማቸው ነበር። ጊዜው ሳይከፋ፣ እኛም ኪራሙን ሳንለቅ አረፈች። ለቅሶዋ ላይ እናቴ ከአዳዳ የሥጋ ዘመዶች ጋር ተቀመጠች፤ ማንም ተነሺ አላላትም።

እናቴ አሁን ከእኛ ጋር ናት፤ ዓይኗ ደክሟል። በቀደም አዲስ ጎረቤት ልትጠይቀን መጥታ፣ እኔ ምን እንደምሠራ ጠየቀቻት።

«ልጄማ ጨሌ ትሠራለች» አለች እናቴ፣ ረጋ ብላ። «ያስተማረቻት አክስቷ ናት።»