በረንዳ ላይ የጎበጠው ጭራቅ

ዛሬ ከሥራ ዝዬ ስገባ፣ ከጃፓን ያስመጣሁትን የጭራቅ አሻንጉሊት በረንዳ ላይ ጎብጦ አገኘሁት።

ጥቂት ብቻ ተሠርቶ በዕጣ የሚሸጥ ነው፤ ስንቴ ተመዝግቤ ነው የደረሰኝ! ቪኒል ከሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ ፀሐይ አይችልም።

ለካ የቤተ እስራኤሉ ቄሳችን ሊጠይቁን መጥተው ኖሯል። እማዬ የጭራቁን ሦስት ዓይን አይታ «ጣዖት ይመስልብናል» ብላ ቀድማ አውጥታዋለች። በዚህ በኢየሩሳሌም፣ በሰፈራችን በቂርያት ሃዮቨል ፀሐይ!

«እማ፣ መጫወቻ እኮ ነው!»

«ጢም አውጥተህ?»

ጭራቁን አንሥቼ ወደ ማድቤት ገባሁ።

ሙቅ ውሃ ያቃናዋልና ውሃ ጣድኩ። እማዬ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየችና «አንተም ጎብጠሃል፤ እግርህን ንከር» አለችኝ።

ይኸው ከጭራቁ ጋር አንድ ሳፋ ተጋርተን ነው የምጽፍላችሁ። እሱ ቀና ብሏል፤ እኔ ገና ነኝ።

የእናንተስ እናት እንግዳ ሲመጣ ምናችሁን ትደብቃለች?