አባቴን ከጋቢና ያወረድኩበት ቀን

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከእንሴኖና ከቡታጅራ በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። በቤታችን ከጸሎት ቀጥሎ የሚከበረው የእሱ የጋቢና ሕግ ነው፤ ጋቢና የተቀመጠ ሰው አይተኛም፣ መንገድ ያያል፣ ሹፌሩን ያግዛል። አንድ ጊዜ የንስሐ አባታችን ቢያንቀላፉበት መኪናውን አቆመና መስቀላቸውን ተሳልሞ፣ ኋላ ጆንያው ላይ አስቀመጣቸው። እናቴ ለዚህ እስከ ዛሬ አልማረችውም።

እኔ ከእሱ የወረስኩት መሪ መጨበጥ መውደድን ነው። ብቻ የእኔው መሪ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ሄሊኮፕተር ማብረር ተምሬ ፈቃድ አወጣሁና ለኮንትራት በረራ የሚያከራይ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ገባሁ እንጂ ገና ረዳት አብራሪ አልተባልኩም ነበር። ለዚያ የዋና አብራሪያችን የካፒቴኑ ፊርማ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ፈገግታ በራሽን የሚታደል ይመስል የማይስቅ ሰው ነው።

ታናሽ እህቴን የሚያገባት ልጅ ታዲያ ሙሽራዬን ከቡታጅራ በሄሊኮፕተር ካልወሰድኩ ብሎ ሙጭጭ አለ። የተከራየውም ከእኛው መሥሪያ ቤት ሆነ።

ካፒቴኑ ጠራኝና፣ “ስንሄድ ዝም ብለሽ ታያለሽ። ስንመለስ ሬዲዮውም፣ ከመነሣታችን በፊት የሚነበበው ቼክሊስትም ያንቺ ነው። በደንብ ከሠራሽ እፈርምልሻለሁ” አለኝ። ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ቡታጅራ ኳስ ሜዳው ላይ ስናርፍ ከተማው ነቅሎ ወጥቶ ነበር። ባጃጆቹ ክላክሳቸውን ያስጮኻሉ፣ እልልታው ከሞተሩ ይበልጣል፣ የሠርጉ ድንኳን አንድ ጎኑ ተነሥቶ ሊበር ሲል ሚዜዎቹ ተንጠለጠሉበት። ካፒቴኑ ብቻ አልሳቀም።

ምሳ ተበልቶ፣ ሙሽሮቹ ተመርቀው ወደ ሄሊኮፕተሩ ስመለስ ወንበሬ ተይዟል። አባቴ! ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ የጆሮ ማዳመጫዬን ከባርኔጣው በላይ ደፍቶ፣ ቀበቶውን ጥርቅም አድርጎ አስሮ ካፒቴኑን “ስንት ማርሽ አለው?” እያለ ይጠይቀዋል። በሣቅ ሞትኩ።

ልጁን እስከ አዲስ አበባ እንዲሸኝ ብለው እዚያ ያስቀመጡት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ናቸው። በእኛ ዘንድ በኮንትራት መኪና ጋቢናው የትልቅ ሰው ነው፤ የሙሽራ አባት ኋላ ቢቀመጥ ነውሩ ለሁላቸውም ይተርፋል። የመሥሪያ ቤታችን ሕግ ግን ሌላ ነው። ከአብራሪው ጎን የሚቀመጠው ፈቃድ ያለውና ስሙ በበረራ ወረቀቱ ላይ የሰፈረ ሰው ብቻ ነው። የተከበረም ሆነ ሙሽራ፣ የከፈለም ቢሆን ኋላ ነው።

ካፒቴኑ ወርዶ ወደ ጎን ወሰደኝ። “ወንበሩ የማን ነው?”

“የእኔ።”

“እንግዲያው አንቺው አውርጃቸው። እኔ ካወረድኳቸው ፈተናው አለቀ።”

ሣቄ ቆመ። ካወረድኩት በአዲሶቹ አማቾች ፊት የገዛ አባቴን ላዋርድ ነው፤ ካላወረድኩት ደግሞ ፊርማዬ ሄደ። ፈራሁ፣ የምሬን ፈራሁ።

ወደ በሩ ተጠጋሁ። “አባዬ፣ ጋቢና የሚቀመጥ ሰው ሥራው ምንድን ነው?”

“አይተኛም፣ መንገድ ያያል፣ ሹፌሩን ያግዛል” አለ ሳያስብ።

“ይኼን ሰውዬ ታግዘዋለህ?”

ከፊቱ የተደረደሩትን ጌጆችና ማብሪያዎች አንድ በአንድ አያቸው። “አንቺ ታውቂያቸዋለሽ?”

“አውቃቸዋለሁ።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም፣ አባዬ።”

ትክ ብሎ አየኝና ሣቁን ለቀቀው። ቀበቶውን ሊፈታ ታገለ፣ አቃተው፤ እኔ ፈታሁለት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሜዳው ዳር ከተቀመጡበት ወንበር ብድግ ብለው፣ “ኧረ ነውር ነው! ምነው ልጄ፣ አባትሽን?” ብለው ጮኹ።

“ይተዋት!” አለ አባቴ እየወረደ። “እኔስ ቄሱን አውርጄ የለ!”

ሜዳው በሣቅ ፈረሰ። አባቴ ግን አልጨረሰም። በሩ አጠገብ ቆመ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ባርኔጣውን አወለቀና ጎንበስ ብሎ፣ “ኖር!” አለኝ።

ትልቅ ሰው ሲመጣ ታናሹ ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚለውን ነው ያለኝ። እኔ በሕይወቴ ስነሣ እንጂ ሲነሡልኝ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ እነሱም አንድ በአንድ ተነሡ።

“በእግዜር፣ አባዬ! ኧረ በእግዜር!” አልኩ፤ እየሣቅሁም እያለቀስኩም ነበር። አገላብጦ ሳመኝና ኋላ ከሙሽሮቹ ጎን ገብቶ ተቀመጠ።

የቼክሊስቱን የመጀመሪያ መስመር ሳነብ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለተኛው ላይ ተስተካከለ። ተነሣን። የአገራችን የመስቃን እንሰት ከበታችን ሸሸ፤ አባቴ በርበሬ ጭኖ ስንት ዘመን የተመላለሰበት መንገድ ወደ አዲስ አበባ ተዘርግቶ ታየኝ። ይኼን ጊዜ ትከሻዬ ከኋላ ተነካ፤ በጆሮ ማዳመጫው የአባቴ ድምፅ መጣ። ሊመርቀኝ ነው ብዬ አንገቴን ዝቅ አደረግሁ።

“እንዳትተኚ!” አለኝ።

ካፒቴኑ ሣቀ።