ዝም ያሰኘሁት ፋን

እናቴ የሞተችው እኔ ከእሷ ሦስት እርምጃ ርቄ የሰው ሰርግ እየቆረጥኩ ስቀጥል ነው። ወረታ ከተማ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ በመጋረጃ ተለያይተን ነበር የምንኖረው፤ ወዲያ አልጋዋ፣ ወዲህ ኮምፒውተሬና በሩ። ሥራዬ የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ብትጠራኝ እንድሰማ ሁልጊዜ አንድ ጆሮዬን ከማዳመጫው ውጭ አደርግ ነበር። በዚያ ቀን አልጠራችኝም። ጨርሼ መጋረጃውን ስገልጥ ከአልጋው ወርዳ፣ ወደ ውኃው ጀሪካን ተደፍታ አገኘኋት።

አላለቀስኩም። ለቀስተኛው የእኔን ፊት ያያል፣ እኔ የድንኳኑን ገመድ አያለሁ። ደንዝዤ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፤ ለምን አልጠራችኝም?

ኮምፒውተሩን ዕቃውን ከአዲስ አበባ እያስመጣሁ የገጣጠምኩት ራሴ ነኝ። ስድስት ማቀዝቀዣ ፋኖች አሉት፤ ሁሉም ቀለም የሚለዋውጥ መብራት አላቸው፣ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ። ከጓሯችን የሩዝ መፈልፈያ ስላለ የገለባው ብናኝ ፋኖቹ ላይ ይጋገራል። በየሳምንቱ በቀለም ብሩሽ ካልጠረግኩት ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፋኖቹም ቤቱን በጩኸት ይሞሉታል።

እናቴን ከገጠር፣ ከቁሐር ሚካኤል ያመጣኋት ክረምት ሳይገባ ነው፤ ውኃው ሜዳውን ከያዘው በሽተኛ ማውጣት ዘበት ነው። ልቧ ደክሞ ነበር፤ አንደበቷ ግን አልደከመም። በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳ ይዛ መጥታ መዳፏን ኮምፒውተሩ አናት ላይ አሳረፈችና፣ «አየ ልጄ፣ ዋንዛዬ ድረስ ምን አደከመን፣ ፍል ውኃው እዚሁ ቤትህ ኑሮ!» አለችኝ። ሳቅን።

እኔ ግን ጩኸቱ እንቅልፍ የሚነሳት መሰለኝ። እኛ ቤት ሰው ሲታመም ዶሮ እንኳ ከደጅ ትባረር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት የፋኖቹን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከፈትኩና፣ ሙቀቱ ሰማኒያ ዲግሪ እስኪደርስ ፋኖቹ በዝግታ ብቻ እንዲዞሩ አደረግኩ። መብራቱንም ዓይኗን እንዳይወጋት ጭራሹን አጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ እንዳይግልብኝ ሥራዬን እየከፋፈልኩ አዘግም ጀመር፤ ደንበኞቼ ተነጫነጩ፣ ቻልኩት። እሷን አልጠየቅኳትም። ጠይቆ ማን ያስታምማል? እሷም ምንም አላለችም። የእኛ በሽተኛ አስታማሚውን አያስቸግርም፤ ምን ቢሉት መልሱ «ደህና ነኝ» ነው።

በሰልስቷ ማግስት የቤት አከራዬ ምሳ ይዘውልኝ መጡ። ከእናቴ ጋር ሲጫወቱ የሚውሉ፣ ደግ አሮጊት ናቸው። ቁጭ ብለው እንድቀምስ ለመኑኝ። አንድ ነገር ማለት ስለነበረብኝ፣ «ሌላው ቢቀር ጸጥታ አላጣችም፣ እማማ» አልኳቸው። ፋኑን እንዴት ዝም እንዳሰኘሁት፣ መብራቱንም ለእሷ ብዬ እንዳጠፋሁት ዘርዝሬ ነገርኳቸው። እንዲያመሰግኑኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱት።

«አየ ልጄ! እሷ እኮ ያ ነገር ሲያጉረመርም፣ መብራቱ ጣራው ላይ ሲጫወት ስታይ ነበር ‹ልጄ አለ› ብላ የምትተኛው። ኋላ ዝም ሲል ጊዜ፣ ‹ቀን ቀን ውጭ ይውላል፣ ሥራ ቀንቶት ነው› ትለኝ ጀመር። ምሳ ልታበላት መጋረጃውን ስትገልጥ ከውጭ የገባህ ይመስላት ነበር። እኔም እውነት መስሎኝ!»

«ቤት ነበርኩ» አልኳቸው።

«እንግዲህ ምን ታደርገው፣ ሳታውቅ ነው» አሉኝ።

«ቤት ነበርኩ እኮ፣ እማማ። ቤት ነበርኩ።»

እጄን ይዘው እስኪያስቆሙኝ ድረስ ይህንኑ ስደጋግም ቆየሁ።