ጸሐይዋ እስክትበርድ

ባለፈው እሑድ ልጄ በስልኳ ልታነሳን ግቢ ውስጥ ደርድራን ሳለ፣ ሰማዩን ቀና ብላ አየችና «አባዬ፣ ጸሐይዋ ትንሽ ትብረድና እንነሳ» አለችኝ። ካቆመችኝ ቦታ ወጥቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ወንበር አመጡልኝ፤ ስኳሩ ነው አሉ። ስኳር የለብኝም፤ ያለብኝ የአባቴ ካሜራ ነው።

በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ቀራንዮ ሰፈር ሳለን፣ አባቴ ከመሥሪያ ቤት ወዳጁ ካሜራ ተውሶ መጣ፤ ከራዲዮናችን የሚከብድ፣ አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥለው ቀንበር እንደተጫነበት በሬ የሚያጎነብሰው ካሜራ። ምክንያቱ ታላቅ ወንድሜ ስዩም ነበር። ቀበሌው እኩዮቹን ለብሔራዊ ውትድርና እየለቀመ ነው፤ ከሰፈራችን ሄዶ የተመለሰ ደግሞ አላየንም። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስዩም ከመወሰዱ በፊት በመካከላችን ቆሞ ሲስቅ፣ አንድ ጉንጩ ላይ የሚወጣው ስርጉድ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ፎቶ። ፎቶ ቤት ሲገባ እንደ ተከሳሽ ስለሚደርቅ፣ ደጃችን ላይ ይሁን አለች።

አባቴ የመጀመሪያውን ሲያነሳ ቤቱም፣ አዲሱ ቆርቆሮም፣ ባሕር ዛፉም አንድ ሳይቀር እንዲገባለት ፈለገና ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከግቢው ወጣ፤ መንገዱን ተሻገረ። ስዩም «አባባ፣ ትንሽ ካልክ እኮ ሆለታ ትገባለህ!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ሳቅን፤ አባቴ ደግሞ ከማዶ ሆኖ «አትሳቁ! ፊልም ነው!» ብሎ አደረቀን። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የቆርቆሮው ሽንሽን ሁሉ ይቆጠራል፤ እኛ ግን ምስር አክለናል። የጎረቤት አውራ ዶሮ እንኳ ከኛ የተሻለ ሞገስ ነበረው።

ሁለተኛውን ቀረብ ብሎ አነሳ፤ ግን ብርሃን ሲበዛ ፎቶ ያምራል ብሎ በጠራራ ጸሐይ፣ አናት በሚበሳበት ሰዓት አቆመን። የሁላችንም ዓይን ጥቁር ጉድጓድ፣ ጉንጫችን ከሰል ሆኖ ወጣ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ከመቃብር የተነሳ ይመስላል። እኔ ልስቅ ስል እናቴ ፎቶውን አስቀመጠችና «ልጄን በቁሙ ቀበርከው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያ ሰው አበደ። ደጅ ላይ እንስራ አቁሞ፣ የራሱን ባርኔጣ ደፍቶለት፣ ጥላው እንዴት እንደሚዞር ቁጭ ብሎ ያይ ጀመር። እንስራውን ወደ ግድግዳው ያስጠጋዋል፣ ያርቀዋል፣ ያዞረዋል፣ ይቆጣዋል። ጎረቤቶች ጸበል ይወሰድ ብለው መከሩ። እሱ ግን ገባው፦ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር፣ ቀርቦ፣ እየሳቁ!

ቅዳሜ ምሳ እንደበላን ሠርገኛ መስለን ወጣን። እናቴ «አንተ ሰውዬ፣ ልብሱ ሳይቆሽሽ አንሳን» አለች። አባቴ እንደ ሊቅ ጣቱን ቀስሮ «ጸሐይዋ ትብረድ፤ አሁንማ ተምሬያለሁ» አለ። ስዩምም «በሉ እስከዚያ ኮልፌ ደርሼ ጸጉሬን ልስተካከል» ብሎ ኮቱን እንደለበሰ ወጣ።

ዐሥር ሰዓት ሆነ፤ እንደተባለው ብርሃኑ ለስልሶ ደጁን ሞላው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ብርሃን አላየሁም። መሀላችን የስዩምን ቦታ ትተን ግድግዳው ሥር ተደርድረን ስንጠብቅ የጎረቤታችን ልጅ እያለከለከ ገባና «አፈሳ ነው! ስዩምን ከፌርማታው አፍሰውት ሄዱ!» አለ። አባቴ ካሜራው ደረቱን እየደበደበው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያም ወደ ጦር ኃይሎች ሮጠ። ሲመለስ ብቻውን ነበር። ስዩም ከዚያ ወዲያ ድምፁም አልተሰማም።

አባቴ ካሜራውን መልሶ ሌላ ገዛ፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያነሳ ነበር፤ ግን አንድም ቀን ጸሐይ አልጠበቀም። ተማሪ ይሁን ሙሽራ፣ ገና ከበር ሲወጣ «አሁን! ባለህበት ቁም!» ይላል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በፎቶ ዓይነ ስውር ነው። እናቴ ደግሞ ምስር ያከልንበትን ፎቶ ቤት ወስዳ ስዩምን አሳድጉልኝ አለች፤ አሳደጉላት፤ ፊቱ በሰፋ ቁጥር እንደ ጉም እየሳሳ ሄደ። እሷ ግን አቅፋው ኖረች።

አሁን አባቴም እናቴም የሉም። እኔ ስርጉዱ በግራ ጉንጩ ነበር እላለሁ፤ እህቴ በቀኝ ነበር ብላ ትምላለች። በተገናኘን ቁጥር እንጣላለን፤ የሚዳኘን ሰው አልቀረም።